ከቻርጀሩ እንጀምር

ባሕር ዳር ውስጥ መብራት ሄዶ በተመለሰ ማግሥት ወደ ጥገና ሱቄ የሚመጣውን ዕቃ ገና በሩን ሳልከፍት መገመት እችላለሁ፤ የነደደ ቻርጀር፣ ኃይል አልቀበል ያለ ስልክ፣ ድምፅ እየሰጠ ምስል የከለከለ ቴሌቪዥን፣ አልፎ አልፎም ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ። በዚህች ከተማ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን 19 ዓመት ሞልቶኛል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላም የሙያ ሥልጠና ለሚወስዱ ወጣቶች አስተምራለሁ። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን በሀገር ውስጥ ለማምረት ስለሚወጣ ፖሊሲ በተነሣ ቁጥር ነገሩን ከሩቅ እንደሚሰማ የመንግሥት ወሬ አድርጌ ልወስደው አልችልም፤ በየዕለቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ የማየው ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ቡና አምራች እናት ከዘጌ በጀልባ መጥተው ስልካቸውንና ቻርጀሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። የስልኩ የኃይል መቀበያ ክፍል ተቃጥሏል፤ ያቃጠለውም ቻርጀሩ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የገዙት ሦስተኛ ቻርጀር መሆኑን ነገሩኝና «ልጄ፣ ይህን ያህል የሚነድ ከሆነ እዚሁ የሚሠራ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም፣ እናቴ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ከረመ።

ማታ ቻርጀሩን ከፍቼ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ 22 ነበሩ። በቦርዱ ላይ፣ አደጋ ሲመጣ መስመሩን ለሚቆርጠው ፊዩዝ የተተወው ቦታ ላይ ተራ ሬዚስተር ተበይዶበታል። የመብራቱን ሁከት የሚያጣራው ኮይል ቦታው ታትሞ ሳለ በቁራጭ ሽቦ ተዘልሏል። ቮልቱን ዝቅ በሚያደርገው ትራንስፎርመር ውስጥ 220 ቮልት በሚያልፍበት የሽቦ ጥቅልና ወደ ስልኩ በሚሄደው ጥቅል መካከል ሊኖር የሚገባው መከላከያ ፕላስቲክ አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ይህም ማለት በዚያ ስስ ፕላስቲክ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትፈጠር የግድግዳው ኃይል በቀጥታ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩም ወደ ሰው እጅ ይሄዳል ማለት ነው። ዕቃው ላይ ግን የታወቀ ስም ተጽፎበታል፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው» ብሎ እንደሸጠላቸው አልጠራጠርም። ከእነዚህ 22 ክፍሎች መካከል የእኛ ወጣቶች ሊበይዱት፣ ሊጠቀልሉት ወይም ሊፈትሹት የማይችሉት አንድም የለም። ክፍሎቹን ራሳቸውን ማምረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሀገራችን በዚህ ዘርፍ ከባዶ የምትነሣ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2011 ትራንሲዮን የተባለው የቻይና ኩባንያ የቴክኖ ስልኮችን ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ፤ ከአፍሪካ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቀድማ የተመረጠችው የእኛ ሀገር መሆኗ ቀላል ነገር አልነበረም። አማርኛ የሚጻፍበት ስልክ በገበያ በብዛት የተገኘውም በዚያ ዘመን ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎዎችን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት ዘረጋ፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ስልክ ከኔትወርክ እንዲወጣ የማድረግ ሥርዓት ሲሆን፣ ከታሰበለት ጥቅም አንዱ የሀገር ውስጥ ገጣጣሚዎችን ከኮንትሮባንድ መጠበቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከዘመድ በስጦታ የመጣለት ስልክ የተዘጋበት ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ ሲያዝን አይቻለሁና ሥርዓቱ ሕዝብን ያስቸገረበት ጎን እንደነበረው አልክድም፤ ነገር ግን በዚያ ጥበቃ ተማምኖ ገንዘቡን መሣሪያ ላይ ያዋለ ባለሀብት ጥበቃው በአጭር ጊዜ ሲነሣ ምን ሊያስብ እንደሚችልም መገመት ይቻላል።

ከስልክ ይልቅ መንግሥት ሐሳቡን በግልጽ ያስቀመጠው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይመስለኛል። በ2014 ዓ.ም. በተወሰነው መሠረት ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲከፍል፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ደግሞ ዜሮ ሆነ። ይህ ደረጃ ነው፤ የበለጠ ሥራ እዚህ ለሚሠራ ሰው የበለጠ ይቀልለታል። ቅሬታዬ ደረጃው ተበትኖ በገባው ዕቃ ላይ መቆሙ ነው። ተበትኖ የገባን ዕቃ መልሶ መገጣጠም በአብዛኛው ቡሎን ማሰር፣ ኬብል መሰካትና ፕሮግራም መጫን ነው፤ በስልክም ቢሆን የዕቃው ዋጋ ያለው በስክሪኑ፣ በቺፑ፣ በቦርዱና በባትሪው ውስጥ እንጂ በመዝጊያው ላይ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፣ ማለትም ባዶ ቦርድ አስገብቶ ክፍሎቹን እዚህ መትከል፣ ፕላስቲኩን እዚህ በሻጋታ ማውጣት፣ ትራንስፎርመሩን እዚህ መጠቅለል፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደሚጠበቅ ተቆጥሮ የተጻፈበት ሰነድ ያስፈልገዋል።

ሕንድ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገችው ደረጃ በደረጃ የማምረት መርሐ ግብር በስልክ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች በዓመት ከፋፍሎ አስቀመጣቸው። ለመጀመሪያው ዓመት የተመደቡት ቻርጀር፣ የባትሪ ጥቅልና የጆሮ ማዳመጫ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ማይክሮፎን፣ የቁልፍ ገጽ፣ የዩኤስቢ ኬብልና ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች ተከተሉ። በሦስተኛው ዓመት ክፍሎች የተተከሉበት ቦርድ፣ ካሜራና ማገናኛዎች፤ በአራተኛው ዓመት ደግሞ ስክሪንና የንክኪ ገጽ። የየክፍሉ ቀረጥ ተራው በደረሰ ጊዜ ከፍ እንደሚል አምራቹ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣበት ዛሬ ይዘጋጅበታል። ሙሉ ስልክ ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥም እ.ኤ.አ. በ2017 አጋማሽ 10 በመቶ የነበረው በ2018 መጀመሪያ 20 በመቶ ደረሰ፤ በ2024 ወደ 15 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በቀረጥ ብቻ ሳይወሰኑ፣ አንድ አምራች ከመነሻ ዓመቱ በላይ በሸጠው ጭማሪ ላይ ከ4 እስከ 6 በመቶ ለአምስት ዓመት የሚከፍል ማበረታቻ ጨመሩበት። ሽልማቱ የሚሰጠው ቃል ለገባ ሳይሆን አምርቶ ለሸጠ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕንድ ዛሬም ቺፑንና አብዛኛውን የስክሪን ክፍል ከውጭ እንደምታመጣ አውቃለሁ፤ ሆኖም ገበያዋ ላይ ያለው ስልክ በአብዛኛው እዚያው የተሠራ ሆኗል፣ ወደ ውጭም ትልካለች። ያን ሁሉ የጀመሩት ደግሞ የዘጌዋ እናት ከጠየቁኝ ዕቃ፣ ከቻርጀር ነው።

የእኛ ችግር የት እንዳለ የገባኝ ግን መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ራሴ ሞክሬ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ተማሪዬ ጋር ሆነን ለፍሪጅ የሚሆን መከላከያ ለመሥራት ተነሣን። መብራቱ ከሚገባው በላይ ሲጨምር ወይም ሲያንስ ፍሪጁን ከመስመር የሚቆርጥ፣ ከተረጋጋም በኋላ ሞተሩ እንዳይጎዳ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ንድፉ ከባድ አይደለም፤ አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ)፣ አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ አንድ ፕሮግራም የሚጫንበት አይሲ (ቺፕ)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ይበቃዋል። 40 ለመሥራት ወሰንን። ክፍሎቹን የገዛነው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሲሆን፣ እኛ እጅ እስኪደርሱ በሦስት ነጋዴ እጅ አልፈዋል። አስመጪው በየክፍሉ ዓይነት የጉምሩክ ቀረጥ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በቅድሚያ የሚያዝ 3 በመቶ ግብር እየታሰበበት ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል። በኮንቴይነር ለሚያስገባ ፈቃድ ያለው አምራች ለጥሬ ዕቃና ለክፍሎች የሚሰጥ የቀረጥ ማበረታቻ አለ፤ እኛ ግን 40 ሪሌይ ፈላጊዎች እንጂ ኮንቴይነር ሙሉ ሪሌይ ፈላጊዎች አይደለንም። መጨረሻ ላይ ስናሰላው የክፍሎቹ ዋጋ ብቻ፣ የእጃችን ዋጋ ሳይታሰብ፣ ተሠርቶ ከውጭ የመጣ ተመሳሳይ ዕቃ በከተማችን ከሚሸጥበት ዋጋ በለጠ። ተማሪዬ ወረቀቱን እያየ «ጋሼ፣ እኛ የተሳሳትነው የት ላይ ነው?» አለኝ። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ደግመን ሠራነው፤ ስሕተት አልነበረበትም።

ሣጥኑም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ለዕቃው የሚሆን ፕላስቲክ ለማውጣት ሻጋታ ያስፈልጋል፣ ሻጋታ ደግሞ ለ40 ዕቃ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ በመሆኑም ለግድግዳ የኤሌክትሪክ መስመር ማገናኛ የሚሸጠውን ሣጥን ቆርጠን ተጠቀምን። የደረጃ ማረጋገጫ ለማግኘት ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስሄድ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ፍተሻ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ ያለ ማረጋገጫውም ዕቃውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቅረብ አይቻልም። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት በዚህ ዘመን ዕቃ ይዞ መመላለሱ ምን እንደሚጠይቅ በክልላችን የሚኖር ሰው ያውቀዋል። 40ዎቹን ለጎረቤትና ለሚያውቁን ሰዎች በወጣብን ዋጋ ሸጥናቸው። ሦስቱ ተመልሰው መጡ፤ የሪሌዩ መገናኛ የሞተሩን የመነሻ ኃይል አልቋቋም ብሎ ተጣብቋል። ከፍ ያለ አቅም ያለው ሪሌይ መምረጥ ነበረብን። ይህን ትምህርት ከማንም ተውሰን አላገኘነውም፤ ሠርተን፣ ሸጠን፣ ተመልሶ መጥቶብን አገኘነው። በሁለተኛው ዙር ይህ ስሕተት አይደገምም ነበር፤ ሁለተኛ ዙር ግን አልነበረንም።

ከዚህ ተነሥቼ ፖሊሲ አውጪዎች ቢሰሙኝ የምላቸው አንድ ነገር አለ፤ ማበረታቻውን ለትልቁ ገጣጣሚ ብቻ ሳይሆን ክፍል በነጠላ ለሚገዛው ትንሽ አምራች እንዲደርስ አድርጎ መንደፍ ይገባል። ለዚህም እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ክፍሎች ከቀረጥ ነፃ ገብተው የሚቀመጡበት የጋራ መጋዘን ማቋቋም፣ የተመዘገበ አምራችም የሠራበትን እያስመዘገበ የሚፈልገውን 40 ሪሌይ ከዚያ እንዲገዛ ማድረግ ይቻላል። የተሠራ ዕቃ በርካሽ እየገባ ክፍሉ በውድ የሚገባ ከሆነ ግን የትኛውም ንግግር፣ የትኛውም ዘመቻ ያንን ሂሳብ አይገለብጠውም። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ብዙ ሰው ስለ ምርት እንዲያስብ አድርጓል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። የቀረጡ ሠንጠረዥ ግን ንቅናቄውን ተከትሎ ሊስተካከል ይገባዋል።

ስለ ውጭ ምንዛሪም ባጭሩ ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪ የማግኘቱ ወረፋ ቀለል ብሏል ሲሉ አስመጪዎች ይነግሩኛል፤ በብር የሚከፈለው ግን በጣም ጨምሯል። ሁሉን ክፍል ከውጭ የሚያመጣ ገጣጣሚ በዚህ ሂሳብ ከአስመጪ ብዙም የተለየ አይደለም። እዚህ የተጠቀለለ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር፣ እዚህ የወጣ እያንዳንዱ ሣጥን ያንን ጥገኝነት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ናት የምለው ስለምወዳት ብቻ አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ የታሰበበት የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ውጤት ነች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ ተቋቋመ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ በ1964 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት፤ ሦስቱም በአራት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አካባቢ። ፖሊቴክኒኩ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች መካከል ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሪክ ነበሩበት፤ ማለትም ፋብሪካው የሚፈልገውን ባለሙያ በእግር መንገድ ርቀት የሚያፈራ ትምህርት ቤት ነበር። እኔን ጥገና ያስተማሩኝ ሽማግሌ የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬ ነበሩ፤ የተቃጠለ ሞተር ጥቅል ፈትተው፣ ዙሩን ቆጥረው፣ በዚያው ቁጥር መልሰው የሚጠቀልሉ ሰው ነበሩ። እንደዚያ ያለ እጅ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ከጠፋም በአንድ ቀን አይመለስም።

ዛሬ ያ ፖሊቴክኒክ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በየዓመቱ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር መሐንዲሶችን ያስመርቃል። በከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የታሰበው ግን በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። መብራቱም ቢሆን ከጢስ ዓባይ የ11 ሜጋዋት ዘመን በብዙ ርቋል፤ ከጣና ውኃ የሚመነጨው ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ማመንጨት ሌላ፣ ሳይዋዥቅ ማዳረስ ሌላ መሆኑን ግን እኛ ጠጋኞች በየማግሥቱ እናየዋለን። ለልብስ ስፌት መብራት ለአምስት ደቂቃ ቢሄድ ሥራው ይቆማል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። ለቦርድ እንደዚያ አይደለም፤ ክፍሎች የተደረደሩበት ቦርድ ብየዳውን በሚያቀልጠው ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረና እየቀነሰ በሚያልፍበት ጊዜ ኃይል ቢቋረጥ በውስጡ ያለው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከፓርኩ አንድ ሼድ እንኳ ለኤሌክትሮኒክስ ቢሰጥ፣ የተለየ የኃይል መስመርና አንድ የፍተሻ ላቦራቶሪ አብሮት መምጣት አለበት። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቶዮ ሶላር እ.ኤ.አ. በ2025 የፀሐይ ኃይል ሴል ማምረት መጀመሩ ጥንቃቄና ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ በኢትዮጵያውያን እጅ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየናል።

ገዢ የሌለው ፋብሪካ አይቆምም፤ የመጀመሪያው ታማኝ ገዢ ደግሞ መንግሥት ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት የወጣው የግዥ መመሪያ ከ35 በመቶ በላይ እሴቱ በሀገር ውስጥ ለተጨመረበት ዕቃ በውድድር ላይ የዋጋ ብልጫ ይሰጥ ነበር። መርሑ መልካም ነው። ይሁንና ማረጋገጫ የሚሰጥ ላቦራቶሪ በአቅራቢያው የሌለው አምራች ወደ ውድድሩ በር አይደርስም። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ለጤና ጣቢያ የሚሆን የፀሐይ መብራት፣ እነዚህ ሁሉ በብዛት የሚገዙ፣ ቴክኖሎጂያቸው ከአቅማችን ያልራቀ ዕቃዎች ናቸው። ደቡብ ኮሪያም የመጀመሪያውን ሬዲዮ የሠራችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ሥራው ነፍስ የዘራው መንግሥት የኮንትሮባንድ ሬዲዮን አጥብቆ ከተቆጣጠረና ለገጠር መንደሮች ሬዲዮ የማዳረስ ዘመቻ ከከፈተ በኋላ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማበረታቻ ሕጉ በ1969 የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከነስምንት ዓመት ዕቅዱ ነበር።

ጥበቃ ሁሉ ግን መልካም ፍሬ አያፈራም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የኮምፒውተር ገበያዋን ለስምንት ዓመት ለሀገር ውስጥ ኩባንያዎች ብቻ ከለለች። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ውድና ኋላ የቀረ ኮምፒውተር እየገዛ፣ የቻለውም በኮንትሮባንድ እያስገባ ኖረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከለላው ሲነሣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። የማበቂያ ቀን ነበረው፤ ያልነበረው በየዓመቱ «ምን ሠራችሁ? ዋጋችሁ ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ መለኪያ ነው። እኔ የምደግፈው ጥበቃ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተቆረጠለት፣ በመካከሉም በየዓመቱ የሚመዘን፣ ባለሥልጣን ሲቀየርም የማይለወጥ ጥበቃ ነው። በኪስ ተይዞ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ላይ ከፍተኛ ቀረጥ መጣል የድንበር ከተማዋን መተማን በኮንትሮባንድ ማጨናነቅ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ከቀረጥ ይልቅ ለተመረተ ዕቃ የሚከፈለውን ማበረታቻ የማስበልጠው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የተቃጠሉት ቻርጀሮችና ያበጡት ባትሪዎች በመጨረሻ የሚሄዱት ከሌላው ቆሻሻ ጋር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የዚህ ከተማ ጎርፍ ሁሉ መውረጃው ጣናና ዓባይ ነው። በእምቦጭ የተጨነቀ ሐይቅ ላይ የእነዚህን ዕቃዎች መርዝ መጨመር የለብንም። ፋብሪካ እንዲመጣ ስንጠይቅ አሮጌውን ዕቃ መልሶ የሚሰበስብበትን ግዴታም አብረን እንጠይቅ። በእኔ ሱቅ የሞቱ ቦርዶች አይጣሉም፤ ተማሪዎቼ ክፍል መንቀልና መፈተሽ የሚማሩት በእነሱ ነው።

ያንን የፍሪጅ መከላከያ አብሮኝ የሠራው ተማሪዬ ከጥቅምት ጀምሮ ቻርጀር መሥራት ይዟል። ፊዩዙ በቦታው፣ ማጣሪያው ኮይል በቦታው፣ ትራንስፎርመሩ በእጁ የተጠቀለለ፣ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ሦስት ዙር መከላከያ ፕላስቲክ ያለበት ነው። ሦስት ናሙናዎች መደርደሪያዬ ላይ ሙሉ ኃይል እየሰጡ 60 ቀን አልፏቸዋል፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣም አንዱም አልነደደም። የቀረው በሁለቱ ጥቅሎች መካከል 3,000 ቮልት ሰጥቶ መከላከያው መቻል አለመቻሉን የሚያረጋግጠው ፍተሻ ነው፤ ለዚህ የሚሆነውን መሣሪያ ባሕር ዳር ውስጥ ብጠይቅ የሚያውሰኝ አላገኘሁም። የዘጌዋ እናት በኅዳር ስልካቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ናሙናዎቹን አሳየኋቸው፤ አንዱን አንሥተው በእጃቸው መዘኑትና «ይኼ ከበድ ይላል» አሉ። ከበድ የሚለው ሊኖረው የሚገባው ሁሉ ስላለው መሆኑን ነገርኳቸው። ስጠኝ ቢሉኝም ፍተሻው ሳያልፍ ልሰጣቸው አልደፈርኩም፤ በሚቀጥለው ወር አንዱን ናሙና ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።